የማይንቀሳቀስ ንብረት

ሐሙስ 1፣ ማታ

ዛሬ ፍርድ ቤት ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ላስቅ ብዬ አልነበረም የተናገርኩት።

ዳኛዋ ውሳኔውን ሲያነቡ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም ቤቱና ግቢው፣ ለሚስት። ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም ቴሌቪዥኑ፣ ትልቁ ቁም ሣጥንና አሮጌዋ መኪና፣ ለባል። የስፌት መኪናዬ የሥራ ዕቃ ነው ተብሎ ለእኔ ቀረ። ያ ሰውዬ፣ ባሌ የነበረው፣ የመኪናዋ ነገር ሲነሣ ፈገግ አለ። ቴሌቪዥኑንም ቁም ሣጥኑንም ይውሰድ፣ አላዘንኩም። ፈገግታው ነው ያናገረኝ።

«ክብርት ዳኛ» ብዬ ተነሣሁ፤ «ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ከቆመችበት ንቅንቅ ያላለች ነገር እንዴት ነው ተንቀሳቃሽ የምትባለው? ግቢዬ መጥተው ይዩዋት፤ ከግድግዳው እኩል በቅላለች።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። የሱ ጠበቃ ሳቀ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ኮስተር አሉና ወሰኑ፦ እስከሚመጣው ወር አሥራ አምስት ድረስ በገዛ ጎማዋ ከግቢ ከወጣች ተንቀሳቃሽ ናት፤ ይውሰዳት። ካልወጣች ቤቱን ተከትላ የእኔ ትሆናለች። ጠግኖ እንዲያወጣት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢ እንዲገባ ይፈቀድለት።

ይህችን የመጨረሻዋን አላሰብኳትም ነበር።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። የሠርጌ ዕለት ቁልፉን አውጥቶ ለእኔ ሳይሆን ለሱ ሰጠው። «ለልጆቼ» አለ፤ እጁ ግን ወደ ሱ ነበር የተዘረጋው። ከዚያ በኋላ ያ ሰውዬ በየሰው ቤት እየዞረ «እኔ ቤት ሁለት አሮጊቶች አሉ፤ አንዷ ትነሣለች፣ አንዷ ግን ቁጣ ብቻ ናት» ሲል ኖረ። ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ ቂሜን ግን አንድ በአንድ አስቀምጬዋለሁ።

አልሸጣትም፤ አልነዳትም። እዚሁ ዓይኔ ሥር ትዛግ። ብቻ ያቺ አብራው የምትኖረው ሴት፣ ከሷ ቀድሞ ሽቶዋ ስለሚደርስ «ሽቶ» የምላት፣ በአባቴ መኪና የፊት ወንበር ላይ አትቀመጥም። የምፈልገው እሱን ብቻ ነው።

ዓርብ 2

ሸራዋን አልገለጥኩም። እሱ ይግለጥ። በግራ በኩል አፍንጫዋ መሬት ሊነካ ነው፤ የፊት ጎማዎቿ ወደ ውጪ ፈርከክ ብለዋል። ይጠግናት እስቲ!

ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱት ጎረቤቴ ጋሼ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «እንግዲህ እንኳን ደስ አለሽ ነው ወይስ ያጽናሽ የሚባለው?» አሉኝ።

«ሁለቱንም ይበሉኝ ጋሼ፤ የሚሆነኝን እወስዳለሁ» አልኳቸው።

ቅዳሜ 3፣ ማታ

ሻይ ሳልጠጣ በሩ ተንኳኳ። ቁልፍ የነበረው ሰው ቆሞ ሲያንኳኳ መስማት ደስ ይላል። ሁለተኛ እስኪያንኳኳ ቆየሁ።

የሽቶን ወንድም ይዞ ነው የመጣው። ጠብደል ነው፤ ሰው አፉን ሳይከፍት «አውቃለሁ» ይላል። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ አውቃለሁ ብዬዋለሁ።

«ደህና አደርሽ» አለኝ ያ ሰውዬ።

«ቧንቧው የነበረበት ነው። ከዚያ አልፈህ ደጃፌን እንዳትረግጥ።»

«እሺ።»

እሺ! ይህቺን ቃል በትዳራችን ዘመን ሁሉ የት ደብቋት ነበር?

የስፌት መኪናዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ለብርሃኑ ነው። አዲስ ባትሪ ገጠሙና ቁልፉን አዞረ፤ ገና በመጀመሪያው ተነሣች። ከሃዲ! ድሮ በየእሑዱ ሞተሯን እያስነሣ ያዳምጣት ስለነበር ድምፁን የምታውቀው መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

ደግነቱ ችግሯ ሞተሯ ላይ አይደለም። በክሪክ አንሥተው የግራውን ጎማ ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። «ቴስቲናው አልቋል» አለ፤ ጎማውን ከሚሸከመው የብረት ክንድ ጋር ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚያዞረውን ድቡልቡል ብረት ማለቱ ነው። «አውቃለሁ» አለ አውቃለሁ። «ሞላውም ተኝቷል።» «አውቃለሁ።» «የክንዶቹ ጎሚኒ፣ ላስቲኩ ሁሉ፣ ፍርፋሪ ሆኗል።» «አውቃለሁ።» አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያ ሁሉ በሰባት ቅዳሜ የሚያልቅ አይደለም።

ዛሬ የደንበኛ ሸሚዝ ሁለት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ማታ ስፈታ አመሸሁ።

ማክሰኞ 6

ኮሌጅ ያለችው ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ ያንን ዝገት ምን ያደርግልሻል? ይውሰደውና ይገላገል።»

«ማን ነው የሚገላገለው?»

«ሁላችንም።»

አባቷን ትወዳለች። ትውደድ፤ አባቷ ነው። ከጀርባ ግን የሽቶ ድምፅ ተሰማ፤ ለካ አባቷ ቤት ናት። ልጄ «መጣሁ አክስቴ» ስትል ሰማኋት። አክስቴ! እኔ እህት እንደሌለኝ እያወቀች።

ቅዳሜ 10፣ ማታ

ሞላውን ሊያወጡ ነው የዋሉት። ያ ሞላ ተጨምቆ የሚኖር ነገር ነው፤ ከተፈናጠረ አጥንት ይሰብራል። እንዲህ ተጨምቆ የኖረን ነገር ሲፈቱት ቀስ ማለት እንደሚያስፈልግ ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። አልጠየቁኝም።

አውቃለሁ በሰንሰለት አስሮ ሊለቀው ፈለገ። «ቆይ፣ ክሪኩን ከሥር እናድርግ» ይለዋል ያ ሰውዬ። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ይላል እሱ። ከዚያ አንድ ነገር ጓ ብሎ ግቢው ተናወጠ።

«እሰይ» አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም።

ሞላው የመኪናዋን ክንድ ገፍቶት የዚያ ሰውዬ አውራ ጣት ብረትና ብረት መሃል ገብቶ ነበር። ጥፍሩ ተነሥቷል። አውቃለሁ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። አዮዲንና ንጹሕ ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። ደሙ ግቢዬ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። ጣቱን ስጠቀልልለት ያየኝ ነበር። «ቀና አድርገው» አልኩት። ቀና አደረገው። እጁ ከስቷል፤ ያቺ ሴት የምታበላው ሽቶ ነው እንዴ?

ሰው ሲደማ እሰይ ማለት ምን ዓይነት ሰውነት ነው? ደጋግሜ አሰብኩበት። ግን እሰይ።

ሰኞ 12

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ መጣ። ኮሌታ። ኮሌታ። ኮሌታ። ለመጻፍ ጊዜ የለም።

ቅዳሜ 17

ዝናብ። አልመጡም።

ደስ ብሎኛል። አንድ ቅዳሜ ባከነባቸው ማለት ነው፤ ለእኔ ነው የሚቆጠረው። ሰማያዊውን ሸሚዜን ተኩሼው ነበር፣ ሳልለብሰው ሰቀልኩት። የሠራሁት ምግብም ተርፎ ለጋሼ ሰጠኋቸው። «ዛሬ የሉም እንዴ?» አሉኝ ድስቱን ሲቀበሉ።

«እነማን ጋሼ?»

«እሺ በቃ፣ ማንም» ብለው ገቡ።

ይህ ዝናብ ደግሞ ምን ነካው? ጠዋት ቢያባራ ምን ነበረበት።

ረቡዕ 21፣ ማታ

ሽቶ ራሷ መጣች። በሩን ስከፍት ካርቶን ታቅፋ ቆማለች።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

እትዬ! ደግሞ አንቱ! በስንት ዓመት ብበልጣት ነው?

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«የመኪናው ዕቃ ነው። ቴስቲናው፣ ጎሚኒው፣ ሞላው፣ ሁሉም አለ። እሱ እስኪገዛ ዓመት ይሞላል ብዬ እኔው ዞሬ አገኘሁት።»

«ምን አስቸኮለሽ? ቀን አለ።»

መሬት መሬት አየች። ስታፍር ዕድሜዋ ይቀንሳል። «ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ጢሙን ይላጫል እትዬ። ለዝገት ብሎ ማን ጢሙን ይላጫል? ቶሎ ወጥታ ያልቅልኝ ብዬ ነው።»

ካርቶኑን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁባት። ከዚያ ከፍቼ አየሁት። ቴስቲናዎቹ ሰም በመሰለ ግራሶ ተቀብተዋል፤ አዲስ ናቸው። በትንሽ ላስቲክ ሁለት ኮፒሊያ አለ። ኮፒሊያ ማለት ዳዶው ከተጠበቀ በኋላ እንዳይፈታ በቀዳዳው ገብታ ጫፎቿ የሚታጠፉላት ቀጭን ሽቦ ናት። ከፀጉር ማስያዣ አትበልጥም። ጎማውን የሚያቆመው ግን መጨረሻ ላይ እሷ ናት።

ዓርብ 23

ጢሙን ይላጫል። ምን አገባኝ።

ትእዛዙ ግማሹ አልደረሰም፤ ዛሬም አንድ ደንበኛ ተቆጥታ ሄደች። እውነቷን ነው። እጄ ይሠራል፣ ልቤ ሌላ ነው።

ግን ነገሩን ሳስበው የምትቃጠለው እሷ ናት ማለት ነው። ሥራው በዘገየ ቁጥር፣ ቅዳሜ በጨመረ ቁጥር። እኔ እዚህ ተቀምጬ ኮሌታ ስሰፋ እሷ እዚያ ስትንቆራጠጥ ትውላለች። በትዳሬ የመጨረሻ ዓመት እኔ ስንቆራጠጥ እንደዋልኩት። ይድረሳት።

ጢሙን ይላጫል እንዴ በእውነት? ልብ አላልኩም ነበር።

ቅዳሜ 24፣ ማታ

ተላጭቷል።

ዛሬ ሥራው ገሰገሰ። አዲሱ ዕቃ አንድ በአንድ ልክ ልኩ ገባ። ሞላውን በዘዴ አስገቡት፤ ቴስቲናዎቹን ገጠሙ። ከዚያ አውቃለሁ የክንዶቹን ጎሚኒ ማጥበቅ ጀመረ። መኪናዋ ገና ክሪክ ላይ ናት፤ እግሮቿ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። እሱ ደም ሥሩ እስኪገተር ያጠብቃል።

እዚህ ላይ መርፌዬን አቆምኩ።

ሙሽሮች ሳለን ይህንኑ ሥራ በዚሁ ግቢ ሠርተነዋል። ያኔም እንዲሁ አየር ላይ ተጠብቆ ነበር። ወር ሳይሞላ መኪናዋ በየጉድጓዱ እንደዛገ በር መጮኽ ጀመረች። አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጥተው አዩዋት፤ ያ ሰውዬ ሲጋራ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። «ጎሚኒ መኪናዋ በእግሯ ቆማ ነው የሚጠበቀው፤ ክብደቷን ስትጥልበት» አሉኝ። «ተንጠልጥላ ከጠበቀ፣ ስትወርድ ላስቲኩ ይጠመዘዛል። ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ይጮኻል፣ በኋላም ይቀደዳል።» ያን ጊዜ ገና ስላልተቀደደ መሬት ላይ አውርደው ፈቱት፤ እኔ ሥሯ ገብቼ መፍቻውን ይዤላቸው እንደገና አጠበቁት። ጸጥ አለች። ያ ሰውዬ ሲመለስ ዘይት ቀባባውና «ዘይቴ አዳናት» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። እስከ ዛሬ ያወራል። ዘይት አይደለም አላልኩትም። ለምን እንዳላልኩት እንጃ፤ ደስ ብሎት ነበር።

ዛሬም አልተናገርኩም። አውቃለሁ ያውቃል አይደል?

ምሳ ሊበሉ ሲወጡ ወጣሁ። መፍቻዎቹ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ ኮፒሊያዎቹ በላስቲካቸው አሉ። አንሥቼ ኪሴ ከተትኳቸው። የልብስ ቁልፎች የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው።

እሑድ 25

ሌባ ሆንኩ ማለት ነው? ለሁለት ቁራጭ ሽቦ? በየዕቃ መሸጫው ሞልቷል። ሄዶ ይገዛል፤ አንድ ቅዳሜ ይጨምራል፤ ያችም አንድ ቅዳሜ ትቃጠላለች። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ቅዳሜ 1፣ ማታ

ፈለጉት። ጨርቁን አራገፉ፣ ሣሩን በእጃቸው ዳበሱ። «እዚህ ጋ ነበር ያስቀመጥኩት» ይላል ያ ሰውዬ። ቀና ብሎ ወደ መስኮቴ አየ። ኮሌታዬ ላይ አቀረቀርኩ።

«ችግር የለም፤ ዳዶውን አንቄዋለሁ፣ ያለ እሱም ይሄዳል» አለ አውቃለሁ።

«አይሄድም። ሰኞ እገዛለሁ።»

«አውቃለሁ። ለጊዜው ጎማውን እንሰርና ትውረድ፤ ክሪኩን ነገ ባለቤቱ ይፈልገዋል።»

ጎማዎቹን አስረው አወረዷት። ጎማ ሲገባ የኮፒሊያው ቦታ አይታይም። አፍንጫዋ ቀና ብሏል። አባቴ ያመጣት ዕለት እንደዚህ ነበረች። ሳላስበው መስኮቱን ከፍቼ ነበር፤ ሲታወቀኝ ዘጋሁት።

ሐሙስ 6

ሰኞ ገዝቶት ይሆናል። ገዝቷል። በሽቦ ነገር እንቅልፍ ላጣ ነው?

ቅዳሜ 8፣ ማታ

አልገዛም። ወይም ረስቶታል። ወይም አውቃለሁ ገጥሜዋለሁ ብሎታል። ቀኑን ሙሉ ፍሬኗን ሲያስተካክሉ፣ ሲባጎ ወጥረው የጎማዎቿን ቀጥታ ሲለኩ ዋሉ፤ አንድም ጊዜ ጎማ አልተፈታም። ክሪክ ራሱ ይዘው አልመጡም። ማታ ላይ ግቢው ውስጥ አንድ ሜትር ወደ ፊት፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ነዳት። ጋሼ በአጥሩ ላይ አጨበጨቡ።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ትወጣለች» አለኝ ያ ሰውዬ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ ከዚያ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ አልጠየቅኩትም።

ሲሄዱ ጋሼን ጠየቅኳቸው፤ እንዲሁ ለወሬ ያህል። «ጋሼ፣ ቴስቲና መንገድ ላይ ቢፈታ ምን ይሆናል?»

«ጎማው ከሥርሽ ይታጠፋላ። ከዚያ በኋላ መሪ የምትይው ነገር ለመያዣ ብቻ ነው።» አዩኝ። «ምነው?»

«ምንም። እንዲሁ።»

ዳዶው ታንቋል። ዛሬ አይፈታም፣ ነገ አይፈታም። አንድ ቀን፣ ቁልቁለት ላይ፣ እሱ መሪው ላይ፣ እሷ ጎኑ የፊት ወንበር ላይ ሽቶዋን ተቀብታ። እኔ እዚህ ተቀምጬ ኮሌታ እየሰፋሁ። ያላስታወሰው እሱ ነው። ያነቀው አውቃለሁ ነው። ዕቃውን ያመጣችው እሷ ናት። እኔ ምንም አላደረግሁም።

ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት መሰለኝ፣ ምንም አላደረግሁም።

ሐሙስ 13፣ ማታ

ልጄ መጣች። ከገባች ጀምሮ ትስቃለች። አቅፋኝ፣ አንገቴን ስማኝ፣ ያመጣሁልሽ ወሬ አለ አለችኝ።

«ቅዳሜ መኪናዋ ስትወጣ የፊት ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ለአባዬ ነግሬዋለሁ። እሷ ከኋላ ትቀመጥ፣ ካልፈለገች በታክሲ ትምጣ። ከተማውን ዞረን፣ ቁልቁለቱን ወርደን፣ በአያቴ ሰፈር አልፈን ነው የምንሄደው።»

«ለምን?» አልኳት።

«ላንቺ ስል ነዋ እማዬ! እሷ እዚያ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ ፈልገሽ አይደል? ያንን ያህልማ አውቅሻለሁ።»

ወጥ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ።

ዓርብ 14

ጎማውን ልፈታ ሞከርኩ። መፍቻው ላይ ቆምኩበት፤ አልተነቃነቀም። ቢፈታም ክሪክ የለኝም፤ ጋሼን ብለምን «ምነው?» ይሉኛል።

ልጄን «አሞኛል፣ አትሂጂ» አልኳት። «ወጥተን እስክንመለስ ነው፤ ከዚያ ሳስታምምሽ አድራለሁ» አለች።

ልደውልለት ስልኩን አነሣሁ። ምን ልለው ነው? ሰረቅሁህ? ስልኩን አስቀመጥኩት።

ነገ ይህን ነገር ከተናገርኩ መኪናዋም ሄደች፣ ስሜም ሄደ። ደግሞ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው። ሽቶም ቆማ።

ቅዳሜ 15፣ ጠዋት

ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሻለሁ። መጡ።

ቅዳሜ 15፣ ማታ

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሼ ኮት ለብሰው መንገድ ሊያስለቅቁ ቆመዋል፤ ሰፈርተኛው ከየበሩ ወጥቷል። ሽቶ ከኋላ ወንበር ከወንድሟ ጋር ተቀምጣ አፏን አሞጥሙጣለች። ልጄ ከፊት ሆና በመስኮቱ እጇን እያወዛወዘች «እማዬ፣ እይኝ!» ትላለች። ሞተሩ ተነሣ። ጎማው አንዴ ዞረ።

«ቁም!» ብዬ ጮኽኩ። «አጥፋው!»

አጠፋው። ሄጄ በመስኮቱ በኩል መዳፌን ዘረጋሁለት። ሁለቱ ኮፒሊያዎች ከነላስቲካቸው እጄ ላይ አሉ።

አያቸው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። «አልገጠምነውም?» ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ያ አውቃለሁ የሚል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ አላውቅም» አለ።

ሽቶ ግን ገባት። ከመኪናው ዘላ ወረደች። «እሷ ናት የወሰደችው! አያችሁ? ልትገድለን ነበር! ይቺ ሴትዮ ልትገድለን ነበር!» ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ጋሼ ያን ዕለት የጠየቅኳቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ። እትዬ ማለቷን ትታ ሴትዮ ብላኛለች፤ ያኛው ይሻል ነበር።

ልጄ ወርዳ ፊቴ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ እኔ ባልቀመጥ ኖሮ ትናገሪ ነበር?» አለችኝ።

እዚያ አልመለስኩላትም። እዚህም አልጽፈውም።

ከጋሼ ቤት ክሪክ መጣ፤ ጎማዎቹ ተፈቱ። የቀኙ ወዲያው ገባ። የግራው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ዞሮ ተደብቋል፤ ያ ሰውዬ አውራ ጣቱ ገና አይታጠፍም፤ አውቃለሁ እጁ ወፍራም ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ በሰማያዊው ሸሚዜ ጀርባዬን መሬት ላይ አድርጌ ሥሯ ገባሁ። እሱም በሌላው በኩል ገብቶ ባትሪ አበራልኝ። ሽቦዋን በቀዳዳው አሳለፍኳት፣ ጫፎቿን በፒንሳ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች አጠፍኳቸው። ከላይ ሰው ይንጫጫል፤ እዚያ ሥር ግን ጸጥታ ነበር። ፊቱ ክንድ አይርቀኝም። ተላጭቷል።

«ጣትሽ አሁንም ቀጭን ነው» አለ።

«መብራቱን ወደዚህ አድርገው።»

አደረገው። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም እንዳይሰማው ነው መሰለኝ፣ በሹክሹክታ «ያኔ ጩኸቱን ያጠፋው በእውነት ዘይቱ ነበር?» አለኝ።

ከፊቴ የክንዱ ጎሚኒ አለ፤ ጥቁር፣ አዲስ፣ ተንጠልጥሎ የተጠበቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። አውርዳት፣ ፍታው፣ በእግሯ ቆማ አጥብቀው። ጠይቆኛል እኮ። ዕድሜውን ሙሉ ሳይጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ ጠየቀኝ።

«ዘይቱ ነበር» አልኩት።

አየኝ። መብራቱን አጠፋ።

ልጄ ሁለተኛ አልገባችም። ቦርሳዋን ይዛ፣ እኔንም እሱንም ሳትስም፣ በእግሯ ወደ ታክሲው ሄደች። ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ሽቶ ከኋላ ወርዳ የፊት በሩን ከፈተችና ተቀመጠች። ቀሚሷን አስተካከለች። ዓይኔ እያየ፣ የአባቴ መኪና በገዛ ጎማዋ ከግቢዬ ወጣች። ተንቀሳቃሽ ንብረት። ከፊቷ አልጎበጠችም፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለችም። ጥሩ ሥራ ነው የሠሩት።

በሩን ዘግቼ ሸሚዜን ነከርኩት። ግራሶ አይለቅም።

እሑድ 16

ልጄ አልደወለችም። እኔም ስደውል አታነሣም። ጋሼ ሰላምታዬን ከአጥሩ ማዶ ሳይወጡ መለሱ።

መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ሣሩ ነጭ ሆኗል።

ሰኞ 17፣ ማታ

ጎሚኒ ሰው አይገድልም። ይህን አስቤ ነው የተናገርኩት፤ የሚገድለውንማ ተናግሬያለሁ። ጎሚኒ ይጮኻል እንጂ ምንም አያደርግም። ሳምንት ይፈጃል፣ ወር ይፈጃል፣ ከዚያ በየጉድጓዱ ሲጮኽባት፣ ገበያ መሃል ሰው ዞሮ ሲያያት፣ ሽቶ ጆሮዋን ይዛ «አሁንስ በቃኝ፣ አቁማት» ስትለው ይታየኛል። ዘይት ይቀባዋል። አይለቅም። ይጨምራል። አይለቅም። አውቃለሁም አያውቀውም።

ያን ጊዜ ያ ሰውዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያስባል፤ ዋሽታኛለች ይላል። ይመጣል። ይምጣና በሩን ያንኳኳ። ደጋግሞ ያንኳኳ። አልከፍትለትም።

ረቡዕ 19

ትእዛዙን ዛሬ አስረከብኩ። የስፌት መኪናዬን ከመስኮቱ አላነሣሁትም፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ በላይኛው መንገድ አንድ አሮጌ መኪና አለፈ። እግሬን ከፔዳሉ አንሥቼ አዳመጥኩ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ድምፅ አልነበረውም።

ገና ነው።